ድንጋዩ ላይ ያልተጻፈው ሩጫ

ማንበብ የተማርኩት በራሴ ነው፤ ስኳርና ጨው ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ፊደል እየለቀምኩ። ስለዚህ የተጻፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም። ዘንድሮ ክረምቱ እንደወጣ፣ ደባርቅ ውስጥ ከመናኸሪያው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው የእግረኛ መንገድ አዲስ ድንጋይ ተነጠፈለት። ከመካከሉ አንዱ ድንጋይ ጥቁርና ሰፊ ነው፤ የሟቹ ስፖርተኛ የሞላ ስም ተቀርጾበታል። ከስሙ ሥር «እግር ኳስ፣ መረብ ኳስ፣ የገና ጨዋታ» ይላል።

አብሮኝ የነበረው ትልቁ ልጄ ጎንበስ ብሎ አነበበው።

«አባባ፣ ሯጭ ነበር ይሉን አልነበር እንዴ? ሩጫው የታለ?»

«አላሸነፈማ» አልኩት።

ነፍሱን ይማረውና ሞላ እኩያዬ ነበር። ግብ ጠባቂ ሆኖ ሲቆም ኳስ ከእጁ ማምለጧ እንጃ። መረብ ኳስ ሲጫወት ቀበቶው ከመረቡ በላይ ይታይ ነበር የሚሉ አሉ፤ ያንን እንኳ እኔ አላየሁም። በገና ጨዋታ ደግሞ እሩሯን፣ የእንጨት ኳሷን፣ በግራ እጁ ስለሚመታት፣ የሚከላከለው ሰው በየት በኩል እንደሚመጣበት አያውቅም። ከሁሉ የሚወደው ግን ሩጫን ነበር።

በዚያ ዘመን የደባርቅና የዳባት ወጣቶች በየዓመቱ ጥቅምት ላይ በሩጫ እንገጥም ነበር። ያሸነፈ ሰው ወደ ጎንደር ተወስዶ በአውራጃው ቡድን ይታቀፋል። ሞላ ጎንደር ከገባ በኋላ የስፖርት አስተማሪ ለመሆን አስቦ ነበር። ለውድድሩ የተወሰነው ዕድሜ ሊያልፈው ስለሆነ አሁን የማወራው ዓመት የመጨረሻው ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

የተነሣነው በሁለቱ ከተሞች መሐል ካለችው ከወቀን ነው፤ መጨረሻው ደባርቅ። ሞላ በጠዋቱ በጨው የታሸ በሶ አካፍሎኝ ነበርና ስሮጥ ጣዕሙ ከአፌ አልጠፋም። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነው። ግራና ቀኙ የታጨደ ገብስ ይሸታል፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሞላ ገና ከመነሻው ጥሎን ሄደ። አንድ የዳባት ልጅ ይከተለዋል፤ እኔ ሦስተኛ ነኝ።

ከረጅሙ ዳገት ሥር ስደርስ ቀብር አየሁ። ከቆላው በኩል አንዲት ሴት ሞታ በቃሬዛ ዳገቱ ላይ ወዳለው ደብር ይወስዷታል። አጨዳ ስለሆነ በቂ ተሸካሚ አልተገኘም፤ የተሸከሟት አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው። በአገራችን ቀብር ያገኘ መንገደኛ ይቆማል፤ ተሸካሚ ካነሰ ትከሻውን ይሰጣል። ሞላ ቆሞ ነበር። በካናቴራ እንዳለ ከቃሬዛው ሥር ገብቷል። የዳባቱ ልጅ እያማተበ አለፋቸው። አልፈርድበትም፤ የመጣው ለውድድር ነው።

እኔም ቆምኩ። እውነቱን ልናገርና፣ የቆምኩት ሞላ ስለቆመ ነው፤ ደክሞኝም ነበር።

ከፊት የተሸከሙት ሽማግሌ ዞር ብለው አዩን። «እናንተ እሽቅድምድም ላይ አይደላችሁም እንዴ? ሂዱ እንጂ ልጆቼ።»

«እኛ ከሄድን ማን ያደርሳታል አባቴ?» አለ ሞላ።

ዳገቱን ወጣን። ደብሩ በር ላይ ስናስቀምጣት ሞላ አፈሩን ከጉልበቱ አራገፈና፣ «በል ተነሥ፣ እንሩጥ» አለኝ። «አሁንማ ምን ያስሮጠናል?» ስለው፣ «የጀመሩትን መጨረስ ነው» ብሎ ቀደመኝ።

ደባርቅ ስንገባ የዳባቱ ልጅ ውሃ ጠጥቶ፣ ልብሱን ቀይሮ ቆሟል። ደጋፊዎቹ የቀብሩን ነገር ከእሱ ሰምተው ሳቁብን። አንዱ፣ «ደባርቆች ተዝካር በልታችሁ መጣችሁ እንዴ?» ሲል ሞላ፣ «ኧረ ገና ነው፤ ዛሬ ቀብሯ ነው» አለው። አሠልጣኛችንም ሯጭ ግራና ቀኝ አያይም ብሎ ሞላን ተቆጣው። ማታ ወደ ቤት ስንሄድ ጎንደር እንደቀረበት ከፊቱ አነበብኩ። የስፖርት አስተማሪም ሳይሆን ቀረ። እንጨት እየሰነጠቀ ኖረ፤ በትርፍ ጊዜው የሰፈሩን ልጆች ኳስ አጫወተ።

ልጄ ይህን ሰምቶ፣ «ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ሩጫው ይጨመርለት ልበላቸው» አለኝ። ተው አልኩት። ድንጋይ ላይ የሚጻፈው ሰው ያሸነፈበት ነው፤ የቆመበትን መናገር ያየነው ሰዎች ሥራ ነው።

ባለፈው ሳምንት በዚያው መንገድ ቀብር መጣ። ባጃጆቹ ጥሩንባቸውን ያሰማሉ፤ ወጣቶቹ ጥግ ይዘው ስልካቸውን ያያሉ። ልቆጣቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ ቁጣ ትከሻ አይሆንም። ገብቼ ተሸከምኩ። ልጄ ስልኩን ኪሱ ከተተና በሌላው ወገን ገባ። ጥቁሩ ድንጋይ ጋ ስንደርስ ልጄ ስሙን ላለመርገጥ እግሩን ሊያሸሽ ሲል ቃሬዛው ተንገዳገደ።

«ርገጠው» አልኩት።

ረግጠነው አለፍን።