እትዬ ከድጃ የጠበቁት ውሃ

ባለፈው ሳምንት የጥርስ ሐኪም ቤት ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ሳለ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ጥግ ላይ ወዳለው የዓሣ ገንዳ በጆግ ውሃ ስታንቆረቁር አየኋት፤ በመስታወቱ ጠርዝ ላይ የጋገረውን ነጭ ጨው ሳይ ግን የጥርሴን ሕመም ረስቼ በሐሳብ ሞጣ ገባሁ።

እናቴ አስተማሪ ነበረች። ከቢቸና ወደ ሞጣ ስትዛወር እትዬ ከድጃ ግቢ ቤት ተከራየን። ባለቤታቸው ጋሼ ሰይድ በጅቡቲ መንገድ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ልጅ የላቸውም። አንድ ጊዜ ታዲያ ለሚስታቸው እንደ ወትሮው ሽቶ በማምጣት ፈንታ የመስታወት ገንዳ፣ አየር የምትነፋ ትንሽ ሞተር፣ በጀሪካን የባሕር ውሃና ሁለት ቢጫ ዓሦች ይዘው ከች አሉ። ሰፈሩ ሊያይ ጎረፈ፤ ገሚሱ አማተበ፣ ገሚሱ ለወጥ እንደማይበቁ አይቶ አዘነ።

ጋሼ ሰይድ በሚስታቸው የጥፍር ቀለም መስታወቱ ላይ መስመር አሰመሩና፣ ውሃው ከዚያ ዝቅ ሲል ጨው የሌለበት ንጹሕ ውሃ ብቻ እንዲጨመር አዘዙ። ነገሩ እናቴን አልዋጥ አላት።

«የባሕር ዓሣ ያለ ጨው እንዴት ይኖራል ከድጃ? ትንሽ ጣል አድርጊበት እንጂ።»

«ጨዉማ የት ይሄዳል እህቴ? ተኖ የሚሄደው ውሃው ነው። እኔ የሄደውን ነው የምመልስ።»

በዚያ ዓመት በጋው ከረረ። ቧንቧው ደርቆ ሴቱ ሁሉ ጀሪካን ይዞ ምንጭ ወረደ፤ እዚያ ወረፋ ላይ «ሰው ተጠምቶ ለዓሣ ውሃ!» የሚል ሐሜት ተነሣ፤ እናቴም አልተከላከለችላቸውም። እትዬ ከድጃ ሐሜቱን ቢሰሙም፣ ፊታቸውን በስኒ ውሃ እየታጠቡ፣ ከራሳቸው ድርሻ ቀንሰው በየማለዳው እስከ መስመሩ ይሞላሉ። ጋሼ ሰይድ ከሄዱ ሰንብተው ነበር፤ ወሬያቸውም ጠፍቷል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጋሼ ሰይድ የሙያ ጓደኛ መጣ። መኪናው ቁልቁለት ላይ ተገልብጧል፤ ሰይድ ሆስፒታል ነው፤ በሕይወት መኖሩን እንጂ ሌላ አላውቅም አለ። እትዬ ከድጃ በራቸውን ዘጉ። በማግስቱም አልከፈቱም። በመስኮት ሳይ ውሃው ከመስመሩ ወርዷል።

ይህንን ለእናቴ ነገርኳት። ለሊጥ ያስቀመጠችውን ውሃ በንጹሕ ነጠላ አጠለለችና ሄዳ አንኳኳች።

«ከድጃ፣ ተነሺ በይ። ሰይድ ሲመጣ ጎድሎ እንዳያገኘው።»

በሩ ተከፈተ። አንዷ ጆጉን፣ ሌላዋ የገንዳውን ክዳን ይዘው፣ ሁለቱም እያለቀሱ ቀስ አድርገው ሞሉት። ከዚያ ወዲያ ከምንጭ የሚመለሱት ሴቶች፣ ያሙትም ጭምር፣ በግቢያችን በኩል ሲያልፉ እትዬ ከድጃ በር ላይ ከጀሪካናቸው ጥቂት ጥቂት ውሃ ሳይቀንሱላቸው አያልፉም።

ጋሼ ሰይድ ክረምቱ ሲገባ በክራንች መጡ። ማንንም ሳይስሙ ገንዳው ፊት ተቀመጡ፤ መስመሩን በጣታቸው ዳስሰው «አልጎደለም» አሉና ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ዳግመኛ መሪ አልጨበጡም። ዓሦቹ ተራ በተራ ሞቱ፤ ባልና ሚስቱም ግቢውን ሸጠው ወደ ዘመዶቻቸው፣ ወደ ደሴ ሄዱ። እናቴ ካረፈች ቆየች።

እኔ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እኖራለሁ። በቀደም ከጎረቤቴ ቤት የሴት ልቅሶ ሰማሁ። ወጥቼ በሯ ላይ ቆምኩ። ላንኳኳ እጄን ካነሣሁ በኋላ ነው፣ ማን ብዬ እንደምጠራት እንደማላውቅ የገባኝ።