ወደ ቦዩ አትሩጡ

ወንድሜ የሞተው አምና፣ በሸንኮራ እርሻ ውስጥ እሳት ሲያጠፋ ነው። ዘንድሮ እኔም ለእሳት አጥፊነት ሥልጠና ገባሁ።

አሠልጣኛችን ትልቅ ሰው ናቸው። አንድ ጠዋት የዕለቱ ትምህርት የወንድሜ አደጋ እንደሆነ ነግረውኝ፣ «ከከበደህ ውጣ፣ ልጄ» አሉኝ። አልወጣሁም።

ከዚያም በዋዜማው ወደተቃጠለ ማሳ ዳር ወሰዱን። አንዱ ሠልጣኝ ወንድሜን ሆኖ ቆመ። «ነፋሱ ዞረ!» ሲባል እንደ ሙሽራ እየተጎተተ ሄደ።

«ኧረ የኔ ወንድም እንዲህ አይሄድም፤ ምሳ የቀረበ ይመስል ነበር የሚሮጠው!» አልኩ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ሠልጣኙ የወንድሜን ቦታ ለቀቀልኝ።

«አሁን ወዴት?» አሉ አሠልጣኙ።

«ወደ ቦዩ!» ብለው ሁሉም ጮኹ።

እኛ ዘንድ እሳት ሲመጣ ወደ መስኖው ቦይ መሮጥ ልማድ ነው። ወንድሜም ወደ ውሃው ሮጠ። መንገዱ ግን ባልተቃጠለ ሸንኮራ መሃል ነበርና እሳቱ ቀደመው። ተቃጥሎ ያለቀው መሬት አጠገቡ ነበር። እሳት ደግሞ የበላውን መልሶ አይበላም።

እነዚህ ልጆች እንዲያ እንዳይሞቱ ፈለግኩ። ወደ ቦዩ ሳልሮጥ የተቃጠለው ማሳ አመድ ውስጥ ገብቼ ቆምኩ።

«አዲሱ ጫማህ አለቀለት!» አለኝ አንዱ።

«ኮቱ» አልኩት በኦሮምኛ፤ «አንተም ና! ያንተም ይበላሽ።»

ሁሉም እየሳቁ ወደ አመዱ መጡ። በኋላ አሠልጣኙ መልሰው በትነውን ድንገት «ነፋሱ ዞረ!» አሉ። ወደ ቦዩ የሮጠ አንድም ሰው አልነበረም።