የማይታየው ሰላይ ድምፅ

አምሐ ከመልኩ ይልቅ በድምፁ ይታወቃል። በአስኮና በሳንሱሲ መንደሮች ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ሲል፣ ከፊቱ የተቀመጡት ዞር ብለው ያዩታል፤ ከየት እንደሚያውቁት ግን ቶሎ አይመጣላቸውም። ሥራው ፊልም መተረክ ነው። የውጭ አገር ፊልም ያመጣና የራሱን ድምፅ ከላይ ጭኖ፣ ሴቱንም ወንዱንም፣ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም ብቻውን ሆኖ በአማርኛ ያናግራል። ከዚያ በስልክና በፍላሽ እየጫነ ይሸጣል። ሱቁ ከወፍጮ ቤት ጎን ናት። ወፍጮው ሲዞር ግድግዳው ስለሚንቀጠቀጥ የሚቀርጸው ወፍጮ ቤቱ ለምሳ ሲዘጋ ነው። ያን ጊዜ በሩን ከውስጥ ይቆልፍና የእናቱን ጋቢ መስኮቱ ላይ ሰቅሎ ማይኩን ወደ አፉ ያስጠጋል።

እንግሊዝኛው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ይህን እሱም ያውቃል፣ ደንበኞቹም ይጠረጥራሉ፤ ማንም ግን ቅር አይለውም። ያልገባውን ከራሱ ይሞላል፤ የሞላውም ብዙ ጊዜ ከዋናው ይጥማል።

ያመጣው አዲስ ተከታታይ ፊልም ደግሞ ለዚህ ጠባዩ በልኩ የተሰፋ ነበር። ታሪኩ የአንድ ሰላይ ነው። በቤተ ሙከራ በደረሰ አደጋ ሰውነቱ ከዓይን ተሰውሯል፤ ልብሱን ካወለቀ አየር ነው። አለቆቹ ወደ ጠላት ቢሮ፣ ሲያሻቸውም ወደ ጠላት መኝታ ቤት ይልኩታል። አምሐ «ሻምበል ስውር» ብሎ ስም አወጣለት። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው በር ብቻውን ሲከፈት፣ ባዶ ወንበር ሲሰረጉድ፣ ብርጭቆ አየር ላይ ሲንሳፈፍ ነው። ከንፈር የለም። ከንፈር ከሌለ ደግሞ ቃሉን ከአፍ ጋር ለማስማማት መጨነቅ የለም፤ ሻምበል ስውር አምሐ ያሰኘውን ሁሉ ይናገራል። በዋናው ፊልም ጄኔራሎች መሃል ትንፋሹን ውጦ የሚቆመው ሰላይ፣ በአምሐ ቅጂ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ስለ ቤቴል ጭቃ፣ በፈረቃ ስለምትመጣው ውሃ ያማርራል። ሰዉ በሳቅ ፍርስ ይላል። «ክፍል ስድስት ወጣ?» እያሉ ከቤቴል ድረስ የሚመጡ ነበሩ።

ነገር የተበላሸው ክፍል ሰባት ላይ ነው።

የሰፈሩ እድር ዳኛ ጋሽ ሀብተማርያም ይባላሉ። ከብርድ ልብስ ፋብሪካ በፎርማንነት ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። የአምሐ እናት ወይዘሮ ተሻለች ባረፉ ጊዜ ድንኳኑን ያስተከሉት እሳቸው ነበሩ። ሦስት ሌሊት አብረውት አደሩ፤ በአራተኛው ቀን «ተነስ፣ ፊትህን ታጠብና ሱቅህን ክፈት» ብለው አስነሱት። ብዙም ሳይቆይ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው ጠሩት። በሩን ዘጉና ከወረዳ የመጣ ደብዳቤ ከኪሳቸው አወጡ።

«እስኪ ይቺን አንብብልኝ» አሉት።

አነበበላቸው። «ድገመው» አሉ። ደገመው፣ ሠለሰው። ከዚያ ወረቀቱን ከእጁ ተቀብለው ሳያዩት፣ ከቁጥሩና ከቀኑ ጀምረው እስከ ፈራሚው ስም ድረስ አንድ ቃል ሳያጎድሉ በቃላቸው ወጡት። አምሐ ያን ጊዜ ገባው። እሳቸውም እንደገባው አወቁ።

«ልጄ ኤልሳቤጥ እንኳ አታውቅም» አሉት። 

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ይሄዳል። የእሑዱን ስብሰባ ወረቀቶች ያነብላቸዋል፤ እሳቸው በቃላቸው ይይዛሉ። ለሰው የሚነገረው «አምሐ ዲሽ ሊያስተካክል መጣ» ነው። «የጋሽ ሀብተማርያም ዲሽ እንደ ደመወዝ ወር ጠብቆ ነው የሚበላሸው» ተብሎ በሰፈሩ ይቀለዳል። ስብሰባ መሃል ያልተጠበቀ ወረቀት ሲመጣባቸው ደግሞ ከፍ አድርገው አየት ያደርጉና፣ «መነጽሬ ደክሟል፣ እስኪ አንተ አንብበው» ብለው ጎናቸው ላለው ያቀብላሉ። ይቺን አነጋገራቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። ምን እንደምትሸፍን የሚያውቀው ግን አምሐ ብቻ ነበር።

ክፍል ሰባት ውስጥ አንድ ሽበታም የጦር ሚኒስትር አለ። ሰነድ ሰጡት፤ ከፍ አድርጎ አየውና ምንም ሳይል ለረዳቱ አቀበለ። ሻምበል ስውር ከጀርባው ቆሟል፤ የሚታየው የመጋረጃው መወዛወዝ ነው። እዚህ ቦታ ላይ አምሐ ሚኒስትሩን «መነጽሬ ደክሟል፣ እስኪ አንተ አንብበው» አሰኘው። ቀጥሎ ሻምበሉ በሹክሹክታ፣ «ጎበዝ፣ እኔ ከጀርባው ቆሜ እያየሁት ነው! መነጽሩ ምን አጠፋ? ሰውየው ሀ ሁ አልቆጠረም እኮ!» አለ።

ክፍሉ ማክሰኞ ወጣ። ሐሙስ ጠዋት የአስኮ ታክሲ ረዳት የሆነው ጉዲሳ ስልኩን ይዞ ሱቁ በር ላይ ቆመ።

«አምሔ፣ አንተ ሰውዬ ግን ጨካኝ ነህ!»

«ምን አደረግኩ ደግሞ?»

«ጋሽ ሀብቴን ሚኒስትር አድርገህ አስገባሃቸው! ታክሲው ሙሉውን ነው የሳቀው። አንዷ እናት በሳቅ ፌርማታዋን አልፋ ወረደች፤ እኔን ሰደበችኝ።»

«እሳቸው አይደሉም፤ ፊልሙ ላይ ያለ ነው።»

«ሂድ ባክህ! ፈረንጅ ‹መነጽሬ ደክሟል› ይላል?» ጉዲሳ ሳቁን ገታ አደረገና ጠጋ አለው። «ግን የእውነት ነው? አያነቡም እንዴ?»

አምሐ «ምን ያወራል ይሄ» ብሎ ቢስቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ዘጠኝ ዓመት የዋሸ ሰው ለዚች አንዲት ውሸት ምላሱ አልታዘዝ አለው። ዝም አለ። ዝም ማለቱን ጉዲሳ አየ።

«ኧረ በናትህ!» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ ታክሲው ጥሩምባ ሲነፋበት ሮጠ።

አምሐ ክፍል ሰባትን ከኮምፒውተሩ አጠፋ። ግን ምን ዋጋ አለው፤ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ሁለት ቀን አልፎታል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቀኑን ሙሉ «አመለጠኝ፣ በወሬ ሞቅታ አመለጠኝ» እያለ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ። አላመለጠውም። ያቺን ቦታ ሁለት ጊዜ ነው የቀረጻት። መጀመሪያ ሲላት ራሱ ስለሳቀ ድምፁ ተበላሸ፤ ወደኋላ መለሰና አሳምሮ፣ ሹክሹክታዋን አቅጥኖ እንደገና ቀረጻት። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መሃል ውሃ ጠጥቷል። የጋሽ ሀብተማርያም ፊት የዚያን ጊዜ ትዝ ብሎታል፤ ትዝ ብሎትም «አይሰሙትም፣ ፊልም አያዩም» ብሎ ቀጥሏል።

ዓርብ ከሰዓት ጋሽ ሀብተማርያም በሱቁ ፊት ለፊት አለፉ። ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች ከኋላቸው ነበሩ። አንዱ ድምፁን አጎርንኖ «መነጽሬ ደክሟል!» አለ፤ ሌሎቹ ተቀባበሉት። ሽማግሌው እርምጃቸውን አላፋጠኑም፣ ዞረውም አላዩም። አምሐ ግን ከባንኮኒው ስር ጎንበስ አለ፣ ፍላሽ እንደወደቀበት ሰው። ኮቴያቸው ከራቀ በኋላም ቶሎ አልተነሳም። ወፍጮ ቤት እህል ያመጣች ሴትዮ ገብታ «እዚህ ቤት ሰው የለም?» ስትል ሰማት፤ ይባሱን አጎነበሰ።

ቅዳሜው የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ነበር። ልሂድ አልሂድ ሲል ቆይቶ፣ በመጨረሻ መፍቻና ፒንሳውን እንደወትሮው በፌስታል ይዞ ሄደ። እግራቸው ላይ ወድቆ ይቅርታ ሊጠይቅ ነው ያሰበው። በሩን የከፈተችው ኤልሳቤጥ ናት።

«ጋሼ አሉ?»

«አሉ» አለች። በሩን ግን ከትከሻዋ ወርድ በላይ አልከፈተችውም። «ዲሹ ተስተካክሏል በይው ብለውኛል።»

«ማን አስተካከለው?»

ኤልሳቤጥ አየችው። ዓይኗ ያለቀሰች ሴት ዓይን ነበር። «አምሐ፣ እኔ ልጃቸው ሳላውቅ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። በሩን በቀስታ ዘጋችው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የእድሩ አባላት ድንኳንና ወንበር በሚቀመጥበት አዳራሽ ተሰበሰቡ። ጋሽ ሀብተማርያም ቦታቸው ላይ ተቀምጠዋል። አምሐ በር አጠገብ አግዳሚ ጫፍ ላይ ሆነ። ነገሬ የሚባለው የድንኳን ኃላፊ፣ ከወረዳ አዲስ የመጣ ደብዳቤ አለ ብሎ ተነሳና፣ ተንኮል ይሁን ልማድ ሳይታወቅ፣ ወረቀቱን ለዳኛው ሰጠ።  ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ።

ጋሽ ሀብተማርያም መነጽራቸውን አወለቁና ኪሳቸው ከተቱ።

«ማንበብ አልችልም» አሉ። «ዱሮም ችዬ አላውቅም። ፋብሪካ ሆኜም፣ እዚህም ሸፍኜ ኖሬአለሁ። ዋሽቻችኋለሁ፤ ይቅር በሉኝ። ወንበሩ ይኸው፣ ለሚያነብ ስጡት።»

 ቀድመው የተነሡት እትዬ ከበደች ናቸው፤ ምላሳቸው የሚፈራ፣ ሰፈሩ ውስጥ ለቅሶ ቤት ቀድመው የሚደርሱ ሴት።

«ምን ነካህ ሀብተማርያም!» አሉ። «ሬሳ የምንሸኘው በፊደል ነው እንዴ? ባሌን የቀበርክልኝ አንብበህ ነው? ተቀመጥ አቦ!»

«ይቀመጡ! ይቀመጡ!» የሚል ድምፅ ከየአግዳሚው ወጣ። ነገሬ ራሱ አንገቱን ደፍቶ ደብዳቤውን መልሶ ወሰደ።

ጋሽ ሀብተማርያም እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸው። «እንግዲያው አንድ ነገር በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ» አሉ። «ዘጠኝ ዓመት ወረቀቱን ሁሉ ያነበበልኝ ይህ ልጅ ነው፣ አምሐ። አንድ ወር ጎድሎ አያውቅም። ስለ ውለታው እድሩ ያመስግነው።»

አምሐ መሬቱ ቢከፈትለት ይገባ ነበር። በዓይኑ ፈለጋቸው፤ ምፀት ካለበት ብሎ። ምንም ምፀት አልነበረበትም። የሚያውቁት ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞሮ በደግ ፊት ያየዋል፤ ከሕዝቡ ግማሹ ክፍል ሰባትን ሰምቷል፣ ግን ዳኛው ራሳቸው ሲያመሰግኑት «ምናልባት በቀልዱ ተስማምተው ይሆናል» የሚል ሐሳብ በየፊቱ ላይ ይነበባል። መውጫ ቀዳዳ ተከፈተለት። ዝም ቢል በቂ ነበር።

በዚህ እድር አንድ ደንብ አለ፦ የጻፈ አያነብም። ዱሮ አንድ ጸሐፊ ያልተባለ ነገር ጽፎ፣ የጻፈውን ዘልሎ እያነበበ ስላስጸደቀ፣ ቃለ ጉባኤውን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ጮክ ብሎ አንብቦት ነው የሚጸድቀው። ጸሐፊው ታዲዮስ ጽፎ ሲጨርስ መዝገቡን ያነሣና «ያው ድምፅ ያለው ሰው እያለ ማንን እንፈልጋለን» ብሎ ለአምሐ ሰጠው።

አምሐ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ስለ ድንኳኑ ቀዳዳ አነበበ፣ ስለ አዲስ ብረት ድስት አነበበ። «ተራ ቁጥር አራት» አለ። «አቶ አምሐ ለእድሩ ዳኛ ላደረጉት የታማኝነት አገልግሎት…»

«የታማኝነት» የሚለው ላይ ድምፁ ቆመ።

«ይኼ ይሰረዝ» አለ። «ፊልሙ ላይ ያለውን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አልፈቀዱልኝም፣ አልነገርኳቸውም። ለማሳቅ ብዬ ነው። አውቄ ነው።»

«እፈር!» አሉ እትዬ ከበደች። «አንተ የወይዘሮ ተሻለች ልጅ! እናትህ እንኳን ይኼን አላየች!»

አዳራሹ ተንጫጫ። አምሐ አልተከላከለም፤ መዝገቡን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። የፈለገው ጋሽ ሀብተማርያም እንዲቆጡት ነበር። ቢሰድቡት፣ ከእድሩ ይውጣ ቢሉ፣ ቢመቱትም ደስ ባለው። እሳቸው ግን ጫጫታው እስኪበርድ ጠበቁ።

«የተባለው ተብሏል፤ የተጻፈው አይሰረዝም» አሉ። «ዘጠኙ ዓመት ውሸት አይደለም። አንብበው።»

«ጋሼ፣ አልችልም።»

«እኔ ነኝ የማልችል። አንተ ትችላለህ። ከመጀመሪያው አንብበው።»

አነበበው። ጉዲሳም፣ ቤቴልም፣ ሳንሱሲም በሚያውቀው ድምፅ፣ ስለ ታማኝነቱ የተጻፈውን ከመጀመሪያው ፊደል እስከ ነጥቡ አነበበ። እንዲህ የሚከብድ ጽሑፍ በዕድሜው አንብቦ አያውቅም።

«ይጸድቃል የምትሉ እጅ አውጡ» አሉ ዳኛው። እጅ ወጣ። ታዲዮስ እየዞረ ቆጠረና በር አጠገብ ሲደርስ ቆመ። የአምሐ እጅ መዝገቡ ላይ ነበር።

«ሌላው ሁሉ ደግፏል፤ አንድ ሰው ድምፅ አልሰጠም» አለ ታዲዮስ። «ስሙን ልጻፈው?»

ጋሽ ሀብተማርያም አምሐን በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ስሙ ይቅር» አሉ። «አንድ ሰው ብለህ ጻፍ።»