ከበግ ተራ የወጣ ቃል

መካነ ሰላም ላይ «እንከን» የሚለው ቃል ከበግ ተራ ይነሳና በየቤቱ ይዞራል። ጆሮው የተቆረጠ በግ እንከን አለበት፤ ለአረፋ አይታረድም። የተሰነጠቀ ጋን፣ ነቀዝ የገባበት ስንዴ፣ ቀለሙ የሚለቅ ሻሽ፣ ሁሉም እንከን አለበት ይባላል። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ተሸክሞ መዞሩ ይገርማል። ይበልጥ የሚገርመው ሰው ላይ ሲያርፍ ነው። በጉ ተገላብጦ ታይቶ ይለቀቃል፤ ሰውን ግን ቃሉ አይለቀውም።

ኢልሀም ላይ ያረፈው ከጅዳ በተመለሰች ሰሞን ነው። አሠሪዋ ቆልፋባት ስትሄድ በመስኮት ልታመልጥ ሞክራ ወደቀች፤ ግራ እግሯ ተሰብሮ ሳይቃና ገጠመ። አሁን ስትራመድ ዘመም ትላለች። በአባቷ ቤት ጓሮ በግ እያደለበች ቅዳሜ ገበያ ትነዳለች፤ እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ታናሿን ሱሀይላን ያሳደገችውም እሷ ናት።

አጎቷ ያሲን የከብት ነጋዴ ነው። ስሙ እስከ ወረኢሉ የታወቀው በመደበቅ ሳይሆን በመናገር ነው። ገዢው ሳይጠይቀው «ይህ በሬ ጥርሱ ወልቋል፤ ይቺ ላም አንድ ጡቷ ደርቋል» ይላል። እንከን ደብቆ የሸጠ ሰው በረካ የለውም ብሎ ያምናል።

የወግዲ ሽማግሎች ሱሀይላን ለልጃቸው ሊጠይቁ የሚመጡበት ቀን፣ ያሲን በማለዳ ኢልሀምን በበጎቹ ጋጣ ውስጥ አገኛት።

«እንግዶቹ እስኪሄዱ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትይ።»

«ለምን፣ አጎቴ?»

«ለምን ትለኛለች! እያነከስሽ ገብተሽ የእህትሽን ዕድል ልታበላሺ? ሰው አንድ እንከን ካየ ዘር ማንዘሩን ይጠረጥራል።»

«እኔ ወድቄ ነው የተሰበርኩት። ከማንም አልወረስኩትም።»

«በየሰዉ ጆሮ እየዞርሽ ልትነግሪ ነው? አርፈሽ ተቀመጪ ብያለሁ!»

ሱሀይላ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። የእጇን ሂና እያየች አንገቷን ደፋች። ኢልሀምን ያመማት ይሄ ነበር።

ጋጣውን ከሳሎኑ የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ሽማግሎቹ መጥተው፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ የመሪያቸው የሼህ ሃሩን ድምፅ ለኢልሀም ተሰማት።

«ወጉ ነውና እንጠይቅ። ከዚህ ቤት ልንሰማው የሚገባ እንከን አለ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ የለም» አለ ያሲን። «ወንድሜ ትቷት ያለፈው አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ እሷም ይቺው ናት።»

አንዲት! ኢልሀም እግሯን ቢደብቁባት ልትችለው ነበር። ከነነፍሷ መጥፋቷን ግን አልቻለችም። ጓሮውን ዞራ፣ እርምጃዋን ሳታሳምር፣ በፊት በር ገባች።

«አሰላሙ አለይኩም። ኢልሀም እባላለሁ፤ የሱሀይላ ታላቅ ነኝ። አጎቴ፣ አንቱ የበሬውን ጥርስ ሳይጠየቁ ይናገራሉ፤ እኔን እንዴት በቁሜ ዋጡኝ?»

«ውጪ! ባለጌ!» ያሲን ከመቀመጫው ተስፈነጠረ።

«ተቀመጥ» አሉት ሼህ ሃሩን። «ይቺን ልጅ በግ ስትነዳ ገበያ ላይ እናያታለን። እግሯን አውቀን ነው የመጣነው። ካንተ በሬ ስገዛ አፉን ከፍቼ አላውቅም፤ ቃልህ ይበቃኝ ነበር። ዛሬ ግን በሕይወት ያለች ሴት የለችም አልከኝ። ሌላስ ምን የለም ብለኸኛል?»

ኩታቸውን ሰብስበው ወጡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው።

«ደስ አለሽ?» በጓዳው በር ሆና ስትሰማ የቆየችው ሱሀይላ ጮኸች። «አንቺን የሚያገባ ስለሌለ እኔም ልቅርልሽ?»

«አንዲት ናት ሲል ዝም አልሽ።»

«ምን ልበል ነበር?»

«ሁለት ነን።»

ሱሀይላ ፊቷን ሸፍና ወደ ጓዳ ሮጠች። ያሲን ጣቱን ቀሰረ።

«ልብስሽን ሰብስቢና ከዚህ ቤት ጥፊ። ከዛሬ ጀምሮ የወንድሜ ልጅ አይደለሽም።»

«መች ነበርኩ? አሁን በጆሮዬ ሰማሁ እኮ» አለችው።

ከዚያም ሼህ ሃሩን የተነሱበት፣ በሩ ሥር ያለው መደብ ላይ ተቀመጠች፤ የተሰበረ እግሯንም እስከ በሩ ደፍ ዘረጋችው። ያሲን ሊወጣ ፈልጎ ፊቷ ቆመ። እስክትሰበስብለት ጠበቀ። አልሰበሰበችም። ጀለቢያውን ከፍ አድርጎ ተሻግሯት ወጣ።