ወንዛዬ ላይ የያዝኩት ሽጉጥ አይደለም

ዛሬ ወንዛዬ ፍል ውሃ ላይ ሽጉጥ መዘዘች የተባለው ሐሰት ነው። ወሬው ደብረ ታቦር ቀድሞኝ ስለ ደረሰ ላርመው።

የያዝኩት ሳይነካ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ነው። ቅርጹ ሽጉጥ እንደሚመስል ግን አልክድም።

ታናሽ እህቴ ስኳር ስላለባት እግሯ ሙቀት አይሰማውም። አምና እዚያው ተቃጥላ፣ ያወቀችው ቆዳዋ ሲላጥ ነው።

ውሃው ላይ ሳነጣጥር አጠገባችን የነበሩ ሴት ተቆጡ። «ጠበል ይለካል እንዴ? እምነት የለዎትም?»

«እምነትዎን አልለካሁም እሜቴ፤ ሙቀቱን ነው።»

ምንጩ አጠገብ አርባ አራት ዲግሪ፣ ራቅ ብሎ ሠላሳ ሰባት አለ። መሣሪያው የላዩን ብቻ ስለሚለካ ውሃውን አማስዬ ደገምኩት። ያው ሠላሳ ሰባት ሆነ፤ እህቴም እዚያ ገባች።

ጥቂት ቆይተው የተቆጡኝ ሴት ጠጋ አሉና «እስቲ የእኔንም ቦታ ይዩልኝ» አሉ።

መሣሪያው ቢገዛ አያስቆጭም። እናንተስ ቤት መጀመሪያ ያሳቀ፣ ኋላ የጠቀመ ምን ዕቃ አለ? ጻፉልኝ።

ነገ በመጀመሪያ የእህቴን ውስጥ እግር ፀሐይ ላይ አያለሁ። ቀጥዬ መሣሪያውን ከጤና ጣቢያ ቴርሞሜትር ጋር አስተያያለሁ። እግሯ ካልቀላና ቁጥሩ ከገጠመ፣ እንደገና ወንዛዬ ይዣት እወርዳለሁ።