የዘርፈሽዋል ሃያ አምስት ሽምብራ

ወልቂጤ ውስጥ ዘርፈሽዋልን "ቲቸር" እንጂ በስሟ የሚጠራት የለም። በሒሳብ መምህርነት ተመድባ ከጎጃም መጥታ እዚሁ ጡረታ ወጣች። "አሁንስ ሀገርሽ አትገቢም?" ያላት ሰው መዓት ይወርድበታል።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በብርሃኑ የእንጨት ሥራ ቤት ፖከር ተጫውታለች። ሦስተኛው ልብስ ሰፊው ሙስተፋ ነው፤ ጨዋታውንም ያስተማራቸው እሱ ነው። ብርሃኑ ጴንጤ፣ ሙስተፋ ሶላት የማያሳልፍ ሰው፤ ገንዘብ ይዞ ወደዚያ ጠረጴዛ የሚጠጋ ወዮለት! የሚያስይዙት ሽምብራ ነው። ካርታህን ደብቀህ ታስይዛለህ፤ ሌላው ወይ ያንኑ ያህል አስይዞ ይከተልሃል፣ ወይ ካርታውን ጥሎ ይወጣል። ከተከተለህ ካርታው የበለጠው ይወስዳል፤ ሁሉም ከወጡ መሀል ያለው ያንተ ነው።

ሙስተፋ የመጣለትን ካርታ ሁሉ ይጫወታል። ሁለት ቢያስይዝ፣ ሃያ ቢያስይዝ፣ የሚደነግጥለት የለም። ዘርፈሽዋል ግን ከአሥር ዙር ዘጠኙን ትጥላለች። ጥሩ ካርታ ሲመጣላት እንኳ እንዳይሸሹባት ሁለት ሦስት ፍሬ ብቻ ነው ወደ መሀል የምትገፋው። ከአሥር በላይ ካስያዘችማ አለቀ፤ ባዶ እጇን እንደማትገፋ ስለሚያውቁ ሁለቱም ይወጣሉ። ብርሃኑማ "የቲቸር አሥር ከሙስተፋ መቶ ይከብዳል" ይል ነበር።

ይኸው ብርሃኑ ታመመ። ሆዱን ይዞ ያቃስታል፤ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። ሚስቱ ሐኪም ቤት እንዲሄድ ለምና ለምና ሰለቻት፤ ፓስተሩም መጥተው ለመኑት። "የሆድ ቁርጠት ነው፣ ሥራ አታስፈቱኝ" አለ። ደረቅ ሰው!

አንድ እሑድ ዘርፈሽዋል ካርታውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "ዛሬ ሁለታችን እንጫወት። ሃምሳ ሃምሳ ሽምብራ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የእኔ ከበለጠ፣ ነገ አታት ሆስፒታል ትሄዳለህ።"

"የእኔ ከበለጠስ?"

"ሁለተኛ ስለ ሆድህ አላነሳብህም።"

ብርሃኑ ሳቀ። "እሺ፣ ቃሌ ነው" አለ። በቃሉ ደግሞ አይታማም።

ሙስተፋ ካርታውን አደለ። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲል ብርሃኑ እየመራ ነበር። መሀል ላይ ሠላሳ ሽምብራ ተከምሯል፤ ብርሃኑ ጋ አርባ አምስት፣ እሷ ጋ ሃያ አምስት ቀርቷል። የጠበቀችው ካርታ አልመጣላትም። እጇ ላይ ያለው እርስ በርሱ የማይገናኝ ተራ ቁጥር ነው። እንግዲህ ጥላ ልትወጣ? ሰውዬው ዓይኗ እያየ ሊሞት?

ሃያ አምስቱንም ገፋች።

ብርሃኑ አንዴ ፊቷን፣ አንዴ ሽምብራውን አየ። ተከትሎ ከተሸነፈ አለቀለት፤ ከጣለ ግን ገና ሩብ ሰዓት አለው። "ኧረ ተይኝ ቲቸር፣ አንቺ እኮ አትዋሺም" ብሎ ካርታውን ገልብጦ ጣለ። ሁለት አስ ነበር፤ ቢከተላት ኖሮ ያሸንፋት ነበር። ዘርፈሽዋል መሀል ያለውን ሽምብራ ወደ ራሷ ሰበሰበች።

ከዚያማ ማን ይንካት! በቀሩት ሦስት ዙሮች የመግቢያዋን አንዳንድ ፍሬ ብቻ እየከፈለች ካርታዋን ጣለች። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሞላ በአራት ሽምብራ በለጠችው።

ብርሃኑ እያጉረመረመ በማግስቱ ሄደ። የሐሞት ከረጢቱ በጠጠር ተሞልቶ ሊፈነዳ ደርሶ ኖሯል። በዚያው ሳምንት ቀዶ ጥገና ተደረገለት።

ልትጠይቀው ስትገባ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም። "ያን ቀን ምን ይዘሽ ነበር?"

"ምንም።"

"ምንም?"

"ባዶ እጄን ነበርኩ።"

ሊስቅ ሲል ስፌቱ አመመውና ሆዱን ያዘ። "አንቺ ሴትዮ! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አምኜሽ! ከእንግዲህማ ስትገፊ ሁሉ እከተልሻለሁ፤ በአንዲት ፍሬ እንኳ አላምንሽም!"

ዘርፈሽዋል እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። "አትመነኝ፣ ወንድሜ። አንተ ብቻ ኑርልኝ።"