በሎሬይን ፊርማ የመጣችው ብስክሌተኛ

ሎሬይን ስታተርስ ሃምሳ ስድስት ዓመት ሲሞላት አንድም ቀን ብስክሌት ላይ ወጥታ አታውቅም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የቀረው ታሪክ ሁሉ በዚህ ላይ ስለሚቆም ነው።

ከእንግሊዝ አገሯ ሃል ከተማ ወጣ ብሎ፣ በመኪና የሚጎተቱ የሽርሽር ቤቶች የሚሠራ ፋብሪካ ነበር። ሎሬይን እዚያ የመጋረጃና የመቀመጫ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አንድ ወንበር ላይ፣ አንድ መስኮት ሥር። እኔ ደግሞ የዚያው ፋብሪካ በር ጠባቂ ነበርኩ። በር የሚጠብቅ ሰው የሰዎችን ሥራ አያይም፤ የሚያየው አመጣጣቸውን ነው። ሎሬይን ሁልጊዜ ከአውቶቡስ ወርዳ፣ ሰማያዊ ካፖርቷን እስከ አገጯ ቆልፋ፣ ግድግዳውን ተጠግታ ትመጣ ነበር። ሱቅ ውስጥ ትርፍ መልስ ቢሰጧት ሁለት ፌርማታ በእግሯ ተመልሳ የምትመልስ ዓይነት ሴት ነች። ሰላምታዋ እንኳ ተበድራ ያመጣችው ይመስል ነበር።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ከሻይ ማፍያው አጠገብ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ብስክሌት ለሚፈልግ ሠራተኛ ድርጅቱ ይገዛለታል፤ ሠራተኛው ዋጋውን በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ፣ ግብር ሳይነካው፣ ከደመወዙ ላይ ይከፍላል። መንግሥት ግብሩን የሚተወው ሰዉ መኪናውን አቁሞ በፔዳል ሥራ ይምጣ ብሎ ነው። ዓመቱ እስኪሞላ ብስክሌቱ የድርጅቱ ንብረት ነው። ከቅጹ ግርጌ፣ ከፊርማው መስመር በላይ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ «ብስክሌቱን በአብዛኛው ወደ ሥራ ለመምጣት እንደምጠቀምበት አረጋግጣለሁ።»

ብስክሌቱ የሚያስፈልገው ለባሏ ለክላይቭ ነበር። ክላይቭ የቀድሞ የወደብ ሠራተኛ ነው፤ ጉልበቶቹ አልቀዋል። ሐኪሙ «ወይ ፔዳል ትመታለህ፣ ወይ ከሁለት ዓመት በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ትገፋለህ» ብሎታል። ሥራ የሌለው ሰው ግን በዚህ መንገድ አይገዛም፤ በሱቅ ዋጋ ደግሞ አቅማቸው አይፈቅድም።

«ፈርሚ ባክሽ!» አለቻት ጊል፣ አጠገቧ የምትሰፋው ጓደኛዋ። «የኔ ወንድም ፈርሞ የወሰደው ብስክሌት አሁን ስፔን ነው ያለው። ልጁ ባሕር ዳር ይነዳዋል።»

«ስፔን ሆኖ እንዴት ሥራ ይመጣበታል?»

«እሱማ ገና መንገድ ላይ ነው!» አለች ጊል፤ የስፌት ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ሎሬይን ፈረመች። ቅርጫት ያለው አረንጓዴ ብስክሌት መጣ። ክላይቭ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ በወንዙ ዳር ይነዳው ጀመር። ጠዋት ጠዋት በመድኃኒቱ የተነሣ እስከ አራት ሰዓት ድረስ እንቅልፍ ይዞት ስለሚውል፣ ብስክሌቱ ኮሪደሩ ውስጥ ከካፖርቶቹ ሥር ተደግፎ ይቆያል።

የኅዳር ጉም በወረደ በመጀመሪያው ሰኞ የዕቃ ማንሻ መኪና ነጂው ደሪክ በሻይ ሰዓት ወደ ስፌት ክፍሉ ብቅ አለ። «አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ የቦዩ ድልድይ ላይ አየሁሽ! እንደ ልጃገረድ ነው እኮ የምትከንፊው። እጅሽን አውለበለብሽልኝ፣ እኔም ጥሩምባ ነፋሁልሽ።»

ሎሬይን በዚያ ሰዓት አውቶቡስ ውስጥ ነበረች። ሌላ ሴት እንዳየ ገብቷታል። ነገር ግን በሃል ሰዎች ዘንድ የተሳሳተን ሰው ማረም ከስሕተቱ የባሰ ነውር ነው፤ አንዱን ጎረቤት በሌላ ሰው ስም ዐሥር ዓመት ቢጠሩት አቤት እያለ ይኖራል። በዚያ ላይ የፈረመችው ወረቀት ትዝ አላት።

«ከአውቶቡሱ ይሻላል» አለች። «ሰውነት ያሞቃል።»

ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ወረቀት ላይ የሰፈረ ውሸት እንደ ተኛ ይኖራል፤ በአፋችን ስንመሰክርለት ግን ተነሥቶ ይሄዳል።

በማግሥቱ ሌላ ሰው አያት። ሐሙስ ዕለት የክፍሉ ኃላፊ አየቻት። ሁሉም አንድ ነገር ይናገራሉ፦ ሰማያዊ ካፖርት፣ አረንጓዴ ብስክሌት፣ ያልታሰረ ፀጉር፤ ደግሞም ታፏጫለች። ሎሬይን አታፏጭም። ለእያንዳንዱ ግን «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች። ምን ትበል? «እኔ አይደለሁም» ብትል ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ታዲያ ብስክሌቱ የማን ነው?» የሚል ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችበትን ቦታ በሐሰት ፊርማ እንዳታጣ ፈራች።

አንድ ምሽት ከስፌት ሣጥኗ ቀይ ክር አወጣችና የብስክሌቱን የፊት ጎማ ከኮሪደሩ መስቀያ ጋር አሰረችው። ማንም ቢያንቀሳቅሰው የሚበጠስ ቀጭን ክር ነው።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አላት ክላይቭ ከሳሎን።

«አቧራ እየጠረግኩ።»

«እኔንም ስትጨርሺ ጥረጊኝ፤ ሳልነቃነቅ ዋልኩ።»

ጠዋት ስትወጣ ክሩ እንዳለ ነበር። አውቶቡስ ይዛ ሄደች። ፋብሪካ ስትደርስ ሁለት ሰዎች ድልድዩ ላይ እንዳዩአት ነገሯት። ማታ ቤቷ ስትገባ፣ ክላይቭ ዕለቱን ሳይወጣ ውሎ ነበርና ክሩ አልተበጠሰም። በኋላ ይህን ለእኔ ስትነግረኝ፣ «ቢበጠስ ኖሮ እፎይ እል ነበር» አለችኝ። «ቢበጠስ ሌባ ነው እል ነበር።»

ከዚያ የጊል ነገር መጣ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የጊል እናት ስትሞት ሎሬይን ቀብሩ ላይ አልተገኘችም። የሬሣ ሣጥን ማየት ፈርታ በሯን ዘግታ ተቀምጣ ነበር፤ ይህንም ለጊል ተናግራ አታውቅም። ጊልም አልጠየቀቻትም። ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ሰፍተዋል፣ ቀልደዋል፣ ብስኩት ተካፍለዋል፤ ያ ነገር ግን በመካከላቸው እንደ ሦስተኛ ሰው ተቀምጦ ነበር። አንድ ረቡዕ ጠዋት ጊል ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ መጥታ አቀፈቻት።

«ይህን ለመስማት ዘጠኝ ዓመት ጠብቄያለሁ፣ ሆዴ።»

«ምኑን?»

«አሁን ብስክሌት ማቆሚያው ጋ ያልሽኝን ነዋ! ሣጥኑን ፈርተሽ እንደ ቀረሽ። አንቺ ስታለቅሺ እኔም አለቀስኩ፤ ይኸው ማስካራዬ አገጬ ላይ ደርሷል። እሑድ ዊዘርንሲ ወርደን ባሕሩ ዳር ጥብስ ዓሣ እንበላለን ያልሽውን ደግሞ እንዳትረሺው።»

ሎሬይን ክንዶቿ ተንጠልጥለው ታቀፈች። ያቺ ሴት ብስክሌት መንዳት ብቻ ሳይሆን፣ ሎሬይን ያልቻለችውን ሁሉ ትችላለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈራችው ሥራ ማጣትን አልነበረም። ቀስ በቀስ ሰዎች ያቺን ሎሬይን ለምደው እሷን እንግዳ እንዳያደርጓት፣ አንድ ቀን ወደ ወንበሯ ስትሄድ ሰው ተቀምጦበት እንዳታገኝ ፈራች።

በዚያው ሳምንት፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ እኔም አየኋት። ገና አልነጋም፤ ከበሩ መብራት ወዲያ ጉሙ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ብስክሌቱ ከጉሙ ውስጥ ወጣ። ፊቷ የሎሬይን ነው፣ ነገር ግን የተከፈተ ፊት ነው፤ የመጋረጃ ሰፊዋ ራሷ መጋረጃዋን የገለጠች ያህል። «እንደምን አደርክ፣ ሽማግሌው! ዛሬስ ፀሐይቱን የት ደበቅካት?» ብላኝ አለፈች። ሎሬይን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዲህ ቀልዳኝ አታውቅም። ደስ ብሎኝ ከኋላዋ አየሁ።

ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ አውቶቡሱ ቆመ። ሎሬይን ወረደች፤ ካፖርቷን እስከ አገጯ ቆልፋ፣ ግድግዳውን ተጠግታ መጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ፊቴን አየችና ቆመች። ምን እንዳየሁ አልጠየቀችኝም።

«ገብቻለሁ እንዴ?» አለች በቀስታ።

መዋሸት እችል ነበር። «ገብተሻል» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ወደ ስፌት ክፍሉ አልሄደችም፤ የሠራተኞች ጉዳይ ኃላፊዋ ወደ ሄለን ኦግደን ቢሮ የሚወስደውን ደረጃ ያዘች። እዚያ የተባለውን ሁለቱም፣ በተለያየ ቀን፣ አንድ ዓይነት አድርገው ነግረውኛል።

«ብስክሌት መንዳት አልችልም» አለች ሎሬይን ሳትቀመጥ። «ለባሌ ነው የወሰድኩት። ወረቀቱ ላይ ዋሽቻለሁ።»

ሄለን ሳቀች። «ለዚህ ነው እንዲህ አመድ የመሰልሽው? ዝርዝሩ ላይ ካሉት ግማሹ ለሚስት፣ ለባል፣ ለልጅ ነው። አይቶ እንዳላየ ማለፍ እኮ ሥራዬ ነው። ሂጂ፣ ሻይሽን ጠጪ።»

«ፋቂው። ሎሬይን ስታተርስ ብስክሌት አትነዳም ብለሽ ጻፊ።»

«ከጻፍኩትማ ከጥቅሙ ትወጫለሽ፤ የቀረውን ዋጋ ከነግብሩ ነው የምትከፍዪው። ደግሞስ ምን ብዬ ልጻፍ? በዚህ መስኮት ጠዋት ጠዋት ስትነጂ የማይሽ እኔው አይደለሁም?»

«እሷ እኔ አይደለሁም።»

ሄለን ሳቋን አቆመች። በመስኮቱ ወደ ብስክሌት ማቆሚያው ቁልቁል አየች፣ ከዚያ ሎሬይንን አየች። ማቆሚያው ላይ ምን እንዳየች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ቅጹን አውጥታ በቀይ ብዕር ሠረዘችውና፣ ሎሬይን ያለቻትን ቃል በቃል ከሥሩ ጻፈች። ሎሬይን ፈረመች።

ከዚያ ወዲህ ድልድዩ ላይ ማንም አልታየም። ክላይቭ በብስክሌቱ ቀጠለ፤ ሎሬይን ቀሪውን ለመክፈል እስከ ፋሲካ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜም ስትሰፋ ከረመች። የፈራችው ሁሉ ቀረ። ሥራዋን አላጣችም፤ ወንበሯም የእሷ ነው።

ጥብስ ዓሣ ሊበሉ የተቀጣጠሩበት እሑድ ሲደርስ ግን ጊል ዊዘርንሲ ባሕር ዳር ሁለት ሰዓት ብቻዋን ጠበቀች። ሎሬይን አልሄደችም፤ ሌላ ሰው የያዘላት ቀጠሮ መስሎ ታያት። ሰኞ ዕለት ጊል አላኮረፈችም፤ ወንበሯን ብቻ ትንሽ ፈቀቅ አደረገች። ሎሬይን ሊነገር የሚገባውን በራሷ አፍ ልትናገር ሦስት ጊዜ ተነሣች። ሦስቱንም ጊዜ መርፌ ተበደረችና ተቀመጠች። ደሪክም ሲያያት «ብስክሌትሽን የት ጣልሻት፣ የኔ እመቤት? ያኔ እኮ ሰው ሆነሽ ነበር» አላት። ቀልዱ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ግን ማንም አልሳቀም።

ሰው ከራሱ የተሻለውን ሰው ሲያይ ለምን ሌባ መጣ ብሎ እንደሚጮኽ እኔ እስካሁን አልገባኝም። እኔም በሩ ላይ ቆሜ «ገብተሻል» ከማለት ይልቅ «ተከትለሻት ግቢ» ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

በጥር ሎሬይን ከወትሮው በፊት የሚመጣውን አውቶቡስ መያዝ ጀመረች። ጉም ባለበት ጠዋት ሁሉ ከመብራቱ ሥር አጠገቤ ትቆምና ወደ ድልድዩ ታያለች። እጆቿ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ናቸው።

«ይታይሃል?» ትለኛለች።

«አይታየኝም።»

«ለእኔም።»

አንድ ቀን የሥራ መግቢያው ደወል ሊደወል ሲል ክንዴን ያዘችኝ። «ምናልባት ብትመጣ» አለች፣ «በሩን እንዳትዘጋባት።» ከዚያ ግድግዳውን ተጠግታ ገባች።

ጉም ባለበት ቀን ሁሉ ከደወሉ በኋላ አምስት ደቂቃ በሩን ክፍት አቆይ ጀመር። አለቃዬ ሁለት ጊዜ ገሠጸኝ። ጡረታ እስክወጣ አልተውኩትም።